ከ12 ሚሊዮን አንድ፦ የኮሊንስ ክስ በጅማ የስታትስቲክስ ክፍል

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1964፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፔድሮ ሰፈር። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንዲት አሮጊት አስቤዛ ሸምተው በጠባብ የጓሮ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ድንገት ተገፍትረው ወደቁ። ቀና ሲሉ አንዲት ወጣት ስትሮጥ አዩ። የእጅ ቦርሳቸው የለም። ውስጡ ከ35 እስከ 40 ዶላር ነበር።

በመንገዱ ጫፍ የሚኖር ሰው ደግሞ ደጁ ላይ ሣር እያጠጣ ነበር። ጩኸት ሰምቶ ዞር ሲል ጸጉሯን ከኋላ ሰብስባ ያሰረች ነጭ ወጣት ሮጣ ወጥታ ቢጫ መኪና ውስጥ ገባች። ሹፌሩ ጥቁር ነው። ጺምም ሪዝም አለው።

ከቀናት በኋላ ፖሊስ ማልኮም ኮሊንስንና ሚስቱን ጃኔትን ያዘ። እሱ ጥቁር፣ እሷ ባለ ወርቃማ ጸጉር ነጭ፣ መኪናቸው ከፊል ቢጫ። ነገሩ የገጠመ ይመስላል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ችግር ነበረበት። አሮጊቷ ልጅቷን መለየት አልቻሉም። ጎረቤቱም ሹፌሩን ለይቼዋለሁ ቢልም፣ ቀደም ሲል ፖሊስ ሰዎች ደርድሮ ሲጠይቀው እርግጠኛ አልነበረም። ማልኮም ደግሞ በዚያ ቀን ጺም አልነበረኝም ብሎ ተከራከረ።

ዐቃቤ ሕጉ ታዲያ ምን አደረገ? የሒሳብ መምህር ምስክር አድርጎ አመጣ። መምህሩ የመሰከረው ስለ አንድ ሕግ ብቻ ነው። አንዱ በሌላው ላይ የማይወሰኑ ነገሮች አብረው የመከሰታቸው ዕድል የየራሳቸው ዕድል ብዜት ነው አለ። ይሄ ትክክል ነው። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ቁጥሮቹን ራሱ አቀረበ፦

ከፊል ቢጫ መኪና፦ ከ10 አንድ
ሪዝ ያለው ወንድ፦ ከ4 አንድ
ጸጉሯን ከኋላ ያሰረች ልጅ፦ ከ10 አንድ
ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ፦ ከ3 አንድ
ጺም ያለው ጥቁር ወንድ፦ ከ10 አንድ
መኪና ውስጥ ያለ ነጭና ጥቁር ጥንድ፦ ከ1000 አንድ

ስድስቱን አባዙት። ከ12 ሚሊዮን አንድ ይወጣል። በማጠቃለያ ንግግሩ ላይ ደግሞ ይቺንም ትቶ «ከቢሊዮን አንድ ያህል» ወደሚል ዘለለ። ለዚህኛው ምንም ስሌት የለውም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ማለትም ጁሪው፣ ባልና ሚስቱን ጥፋተኛ አሉ።

ይህን ጉዳይ ጅማ ውስጥ ለሶሻል ሳይንስ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ክፍል ይዤው ገባሁ። ልጆቹን የሚያውቅ ምክንያቱ ይገባዋል። ሶሾሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ጂኦግራፊ፣ ጋዜጠኝነት ሲመርጡ ግማሹ ሐሳባቸው ከማትስ ማምለጥ ነው። ግን ማምለጫ የለም። የስታትስቲክስ መግቢያው ኮርስ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ሀንድአውቱ ሲገለጥ ሳንቲም ይወረወራል፣ ዳይስ ይንከባለላል፣ ከከረጢት ቀይና ሰማያዊ ኳስ ይወጣል። ፎርሙላውን ሸምድደው ሚድ ይፈተናሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በጅማ መርካቶ ከከረጢት ኳስ ሲያወጣ የዋለ ሰው አይተው ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም። ጉዳዩ ሰው ላይ ሲመጣ ግን ይነቃሉ። ክርክር ይወዳሉ።

መጀመሪያ ታሪኩንና ስድስቱን ቁጥሮች ብቻ ሰጠኋቸው። ፍርዱን ደበቅኩ። «ጁሪው እናንተ ናችሁ» አልኩ። እኛ አገር የሚፈርደው ዳኛ ስለሆነ ጁሪ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ እጅ አወጡ። አብዛኛው «ጥፋተኛ» አለ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ከ12 ሚሊዮን አንድ እኮ ነው! ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» አለኝ። የዐቃቤ ሕጉን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠልኝ።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንዲት የአጋሮ ልጅ መጣ። «ቢጫ መኪና ከ10 አንድ ነው ያለው ማነው?»

ማንም። ዐቃቤ ሕጉ ከኪሱ ያወጣው ቁጥር ነው። አንድም ሰው መንገድ ላይ ቆሞ መኪና አልቆጠረም። እንዲያውም ለጁሪው ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ ካልተስማማችሁ የራሳችሁን አስገቡ ብሏቸዋል። እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ግምትን በግምት ተክታችሁ አባዙና ውጤቱን እመኑ ማለት ነው።

ቁም ነገሩን ወደ ሰፈራቸው ላመጣው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጅማ ውስጥ ጃንጥላ የያዘ ሰው ከስንት አንድ ነው? አንዱ ከ5 አንድ አለ፣ አንዷ ከ20 አንድ። ከዚያ መጨቃጨቅ ጀመሩ። የት ቆመን ነው የምንቆጥረው? ሂርማታ ገበያ ላይ ነው ወይስ ፈረንጅ አራዳ? ጠዋት ነው ከሰዓት? ሐምሌ ነው ጥር? ጅማ ላይ ዝናብ ቀጠሮ ስለማያከብር ጥር ላይም ጃንጥላ የማይለያቸው እናቶች አሉ፤ ክረምቱን ሙሉ እየበሰበሰ የሚሄድ ተማሪም አለ። አንዷ «መጀመሪያ ከማን መካከል እንደሆነ ይነገረን» አለች። ፖፑሌሽን፣ ማለትም ከመካከሉ የምንቆጥርበት ሙሉው ስብስብ፣ የሚለውን ቃል ሀንድአውቱ ላይ አስምረውበታል፤ ሥራው ምን እንደሆነ የገባቸው ግን ያኔ ይመስለኛል። ከ10 አንድ የሚባል ነገር ብቻውን አይቆምም። ከየትኞቹ 10? በሎስ አንጀለስ ካሉ መኪኖች? በሳን ፔድሮ? በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ካለፉት?

ማባዛት የሚቻለው መቼ ነው?

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ይሄኛው ቁጥሮቹ ሁሉ በጥንቃቄ ተቆጥረው ቢመጡ እንኳ አይድንም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው የቤት ለቤት መጠይቅ ማስሞላት ያውቁበታል፤ የትምህርቱ አካል ነው። ስለዚህ ምሳሌውን ከመጠይቅ ወሰድኩት። እንበል በአንድ ቀበሌ ከሁለት ቤት አንዱ መብራት አለው። ከሦስት ቤት አንዱ ቴሌቪዥን አለው። ሁለቱም ያለው ቤት ስንት ነው? በማባዛት ሕግ ከ6 አንድ። ክፍሉ ጻፈ፣ አሰመረበት። ወዲያው ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «መብራት የሌለው ሰው ቴሌቪዥን ምን ያደርግለታል?»

ልክ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ መብራት አለው ካልን፣ ሁለቱም ያለው ከ3 አንድ ነው። ብዜቱ መልሱን በግማሽ አሳነሰው። ሒሳቡ ስላልተሠራ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ተያይዘው ስለሚሄዱ ነው።

ይቺን ከያዙ በኋላ ወደ ስድስቱ ቁጥሮች ተመለሱ፤ እኔ ዝም አልኩ። ጺምና ሪዝን ወዲያው ያዟቸው። ጺም ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሪዝም አለው። እንበል ከ10 ጺማሞች 9ኙ ሪዝ አላቸው። ሁለቱም ያለው ሰው ከ100 ዘጠኝ ይሆናል። ዐቃቤ ሕጉ ግን 1/10ን በ1/4 አባዝቶ ከ40 አንድ፣ ማለትም ከ100 ሁለት ተኩል አድርጎታል። በዚህ ብቻ ነገሩን ከሦስት እጥፍ በላይ ብርቅ አስመሰለው።

ትልቁን የያዘው ግን አንድ ዝምተኛ የጂኦግራፊ ተማሪ ነው። ሰሌዳው ጋ ወጥቶ የመጨረሻዋን መስመር ከበባት። «ጥቁር ወንድ ብለናል። ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ ብለናል። ሁለቱን አንድ መኪና ውስጥ ካስገባን በኋላ ነጭና ጥቁር ጥንድ መሆናቸውን እንደ አዲስ ነገር ለምን በ1000 እናካፍላለን?» አለ። በእርግጥ ያቺ መስመር ሙሉ በሙሉ ትርፍ አይደለችም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አብረው መገኘታቸው በዚያ ዘመን አሜሪካ ብርቅ ነበር። ግን ግማሽ ታሪኳ ከላይ ባሉት መስመሮች ተነግሯል። ብትወጣ ከ12 ሚሊዮን አንድ የነበረው ከ12 ሺህ አንድ ይሆናል። በአንዲት መስመር የሺህ እጥፍ ልዩነት!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እነዚህን ልጆች «ማትስ አይችሉም» የሚላቸው ብዙ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስድስቱን ቁጥሮች ከእነሱ ቀድመው ያባዙ ነበር፣ አልጠራጠርም። መብራትና ቴሌቪዥን፣ ጺምና ሪዝ አብረው እንደሚሄዱ ማየት ግን ሰውን የማወቅ ጉዳይ ነው። ሶሾሎጂ የሚያጠና ሰው የሚማረው ደግሞ ይሄንኑ ነው።

ጣሳው

ሦስተኛውን ስሕተት በወሬ ማስረዳት ከባድ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው ብለን እንቀበል። ገለጻው በእውነት ከ12 ሚሊዮን ጥንዶች አንዱን ብቻ የሚመለከት ብርቅ ነገር ይሁን። ታዲያ ሌቦቹ የተያዙት ባልና ሚስት ናቸው ማለት ነው?

በመጀመሪያ የሁለት ጥያቄዎችን ልዩነት በጅማ ቡና አሳየኋቸው። ከቡና ነጋዴዎች መካከል ሞባይል ያለው ስንት ነው? ሁሉም ማለት ይቻላል። ሞባይል ካላቸው ሰዎች መካከል ቡና ነጋዴ የሆነውስ? ጥቂት። አቅጣጫው ሲገለበጥ መልሱም ይገለበጣል። «ንጹሕ ሰው ይህን ገለጻ የማሟላት ዕድሉ ስንት ነው?» እና «ይህን ገለጻ ያሟላ ሰው ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» እንደዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ ለመጀመሪያው መልስ ሰጥቶ የሁለተኛው ነው ብሎ ሸጠው።

ክፍሉ ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ደግሞ መረዳት አይደለም። ስለዚህ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣሁ።

ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ 12 ጥንድ አደረግኳቸው። ጣሳው ውስጥ 12 የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ። አንዱ ላይ ኤክስ ምልክት አለ። ኤክስ የወጣለት ጥንድ ገለጻውን አሟልቷል ማለት ነው። አንዱ ጥንድ አወጣ፣ ጣሳውን አሳለፈ፤ ሁለተኛው አወጣ፣ አሳለፈ። ወረቀቱን የመለሰ የለም። ሁሉም እቁብ የለመደ ነው፤ እቁብ ላይ የወጣ ዕጣ ወጣ ነው። በዚህ ዓይነት ኤክስ ሁልጊዜ ለአንድ ጥንድ ይወጣል። ከአንድ አያልፍም፣ ከአንድም አያንስም።

ዐቃቤ ሕጉም ሳያውቀው ያሰበው ይህንኑ ነው። 12 ሚሊዮን ጥንዶች እቁብ ገብተው ዕጣው ለኮሊንስ ቤት እንደወጣ ነው የቆጠረው። ሰው ግን ጺሙን የሚያሳድገው፣ መኪናውን የሚገዛው፣ ሚስቱን የሚያገባው ሌላው ጥንድ ምን እንደደረሰው አይቶ አይደለም።

ሕጉን ቀየርን። አውጡ፣ እዩ፣ ጠቅልላችሁ መልሱ፣ ጣሳውን አራግፉ፣ አሳልፉ። አሁን ነገሩ ተቀየረ። አንዳንዱ ዙር ለማንም ሳይወጣ ያልቃል። አንዳንዱ ለአንድ ጥንድ። አንዳንዱ ለሁለት። አንድ ዙር ላይ ሦስት ጥንዶች ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊት የተቀመጠው «ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» ባዩ ልጅ ከሦስቱ አንዱ ነበር። ጎረቤቱ «በል እንግዲህ፣ ቦርሳውን መልስ» አለው።

ስሌቱን ከዚያ በኋላ ሠራነው። ለአንድ ጥንድ ኤክስ ያለመውጣቱ ዕድል 11/12 ነው። ለ12ቱም ያለመውጣቱ ዕድል 11/12 ራሱ በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 0.35 ገደማ ይመጣል። እዚህ ማባዛት ይፈቀዳል፤ ወረቀቱ ስለሚመለስ አንዱ የሌላውን አይነካም። ለአንድ ጥንድ ብቻ የመውጣቱ ዕድል 0.38 ገደማ ነው። የቀረው 0.26 ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ነው።

አሁን ወደ ሳን ፔድሮ ተመለሱ። ቦርሳው ተነጥቋል። ስለዚህ ገለጻውን የሚያሟላ ቢያንስ አንድ ጥንድ እንዳለ እናውቃለን፤ ምስክሮቹ ያዩት ልክ ከሆነ። ለማንም ያልወጣባቸውን ዙሮች እንጣላቸው። ከቀረው 0.65 ውስጥ 0.26ቱ ሌላም ጥንድ ያለበት ነው። 0.26 ለ0.65 ሲካፈል 0.4 ገደማ ነው። 12 ጥንዱን በ12 ሚሊዮን ጥንድ፣ 1/12ን ደግሞ በ1/12,000,000 ብትተኩትም ውጤቱ ከ0.4 ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1968 ማልኮም ይግባኝ ሲል የሠራው ስሌት ይሄው ነው። ከፍርዱ ጋር አባሪ አድርጎ አያይዞታል። የዐቃቤ ሕጉን ቁጥር እንዳለ ብንቀበል፣ 12 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ባለበት አካባቢ ያንኑ ገለጻ የሚያሟላ ሌላ ጥንድ የመኖሩ ዕድል ከ40 በመቶ በላይ ነው አለ። ፍርዱንም ሻረው። ቁጥሮቹ ማስረጃ የላቸውም፣ ነገሮቹ ተያይዘው አለመሄዳቸው አልተረጋገጠም አለ። ምስክሮቹ ራሳቸው ተሳስተው ሊሆን እንደሚችልም ጨመረ፤ ጺሙ የውሸት፣ ጸጉሩም የተቀባ ሊሆን ይችላል። ሒሳብ በኮምፒውተር ዘመን አስማተኛ ናት፣ እውነትን ለመፈለግ ታግዝ እንጂ ፈራጁን አታፍዝ የሚል ሐሳብም አለበት።

ከክፍሉ አንዷ ጠበቃው የት ነበር ብላ ጠየቀች። ተቃውሟል። ግን ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ ይህን የተደበቀ ጉድለት ነቅሶ ማውጣት ከጥቂት ጠበቆች በቀር የሚችል አልነበረም።

የዴዶው ልጅ

አንድ ከዴዶ የመጣ ልጅ ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። «ቲቸር፣ 40 በመቶ ሌላ ጥንድ አለ እንበል። ያ ሌላው ጥንድ ሳክራሜንቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ግን እዚያው ነበሩ» አለ።

እውነቱን ነው፣ ደግሞም ጠንካራ ነጥብ ነው። ጃኔት በዚያ ቀን ሳን ፔድሮ ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ነበር። ማልኮም መጥቶ በመኪናው የወሰዳት ቦርሳው በተነጠቀበት ሰዓት ገደማ ነው። በማግስቱ ደግሞ እጁ አጥሮት የነበረው ማልኮም 35 ዶላር የትራፊክ ቅጣት ከፍሏል። እነዚህ ሁሉ መዝገቡ ላይ አሉ። ፍርድ ቤቱም ሰዎቹ ንጹሐን ናቸው አላለም። የሻረው በዚያ ስሌት የተገኘውን ፍርድ ነው።

ልጁ ሳይታወቀው የሚቀጥለውን ምዕራፍ ጀመረልኝ። አዲስ ማስረጃ ሲመጣ የሚያደርገው ፖፑሌሽኑን ማጥበብ ነው። 12 ሚሊዮኑ ጥንድ ቀርቶ በዚያ ሰዓት ሳን ፔድሮ ውስጥ ከነበሩት መካከል ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ገለጻውን የሚያሟላ ሌላ ጥንድ የመኖሩ ዕድል በጣም ያንሳል። ዐቃቤ ሕጉ የቦታውንና የሰዓቱን ነገር አጥብቆ ቢይዝ ክሱ የሚሻል ይመስለኛል። ብርቅ ቁጥር መፈብረኩን መረጠ፣ ፍርዱም በዚያው ፈረሰ።

ለፈተና ያወጣሁት ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ከተማ ውስጥ 60 ሺህ አዋቂ ወንድ አለ እንበል። የሌባው ገለጻ ከ20 ሺህ ሰው አንዱን የሚመለከት ነው። ፖሊስ ገለጻውን የሚያሟላ አንድ ሰው ያዘ፤ ሌላ ምንም ማስረጃ የለም። ሌባው እሱ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

«ከ20 ሺህ አንድ ዕድል ብቻ ነው ንጹሕ የሚሆነው» ብለው የጻፉ አሁንም አሉ፤ ጣሳው ሁሉንም አላዳነም። ብዙዎቹ 60 ሺህን ለ20 ሺህ አካፍለው፣ ሦስት ሰው ገለጻውን ያሟላል፣ ስለዚህ ከ3 አንድ አሉ። ጥሩ መልስ ነው፣ ማርክ ሰጠሁበት። የአጋሮዋ ልጅ ግን ከመልሷ ሥር አንድ መስመር ጨምራለች፦ «3 በአማካይ ነው። 1 ብቻ ሊሆን ይችላል፣ 6ም ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ሌሎቹን መፈለግ ነበረበት።»

ይህን መስመር የሚጠይቅ ነጥብ ማረሚያዬ ላይ አልነበረም። ጨመርኩበት።